ቦይለር ቶሎ ቶሎ ለሚቃጠልባችሁ፦ ኖራ የበዛበት ውሃና መላው

እህቴ፣ ድሬዳዋ ተቀምጠሽ በአንድ ዓመት ሁለት የቦይለር ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ተቃጠለብኝ፣ ማጣሪያ ባስገባም ለውጥ የለውም፣ ልብስ ማጠቢያውም ያሰጋኛል ብለሽ ጠይቀሻል። ማጣሪያሽ አልተበላሸም፤ ሥራው ሌላ ነው። ነጩ ካርትሬጅ ደለልና ዝገት ይይዛል፣ ጥቁሩ ከሰል ክሎሪንና ሽታ ይቀንሳል። ኖራው ግን ሟሙቶ ስለሚሄድ ሁለቱንም ሰተት ብሎ ያልፋል። የድሬ የጉድጓድ ውሃ የኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ነው፤ መቀሌም እንደዚያው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድሽ ያንኑ ቦይለር ዓመታት ቢጠቀምበት አትገረሚ፣ የለገዳዲ ግድብ ውሃ ለስላሳ ነው፣ ኖራው ትንሽ ነው።

መጀመሪያ ኖራ መሆኑን አረጋግጪ። ከማንቆርቆሪያው ቅርፊት ትንሽ ፍቀሽ አቼቶ ጠብ አድርጊበት። ከተንቸፈቸፈ ኖራ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ዝም ካለ ደለል ወይም ዝገት ነው፣ ያኔ ማጣሪያሽ ይሠራል። የላቦራቶሪ ውጤት ካገኘሽ ደግሞ ካልሲየሙን በ2.5፣ ማግኒዚየሙን በ4.1 አባዢና ደምሪ። ካልሲየም 80፣ ማግኒዚየም 30 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም የኖራው ብዛት፣ 323 ይመጣል። ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ውሃ ይባላል።

ሬዚስታንሱን የሚያቃጥለው ቅርፊቱ ራሱ ነው። ውሃው ሲሞቅ የሟሟው ኖራ ጠጣር ሆኖ በጣም የጋለው አካል ላይ ይለጠፋል። ቅርፊቱ ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጫ ያጣል፣ ሬዚስታንሱ ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ በመጨረሻ ቱቦው ይሰነጠቅና ብሬከር ይጥላል። ከዚያ በፊት ምልክት ይሰጣል፦ ሲሞቅ እንደ ፈንድሻ ይንጣጣል፣ ለመሞቅም ይዘገያል። ውሃው በጋለ ቁጥር ኖራው ስለሚፈጥን ቴርሞስታቱን ከ60 ዲግሪ አታሳልፊው። ከ50 በታችም አታውርጂው፣ ለብ ያለ ውሃ ባክቴሪያ ያራባል።

በየስድስት ወሩ ማስከፈት ከአዲስ ሬዚስታንስ ይረክሳል። ብሬከሩ ይጥፋ፣ ውሃው ይቀዝቅዝ፣ መግቢያው ይዘጋ፣ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ተከፍቶ ይንቆርቆር። ሽቦዎቹን ሳትነቅዪ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ሬዚስታንሱ ሲወጣ 5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 250 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጠሽ መንቸፍቸፉ እስኪያቆም፣ አንድ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፊው። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ሲትሪኩ ከኖራው ጋር ሌላ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። በረኪናማ በጭራሽ አጠገቡ እንዳይደርስ፣ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመውን በእጅሽ ወይም በፕላስቲክ ነገር አውጪ፤ ቢላዋ የውስጡን ሽፋን ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ዝገት ነው። ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀው ማግኒዚየም ዘንግ አልቆ ሽቦው ከታየ ይቀየር፣ የማሸጊያው ላስቲክም አዲስ ይሁን። ሲገጠም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የሙቅ ውሃ ቧንቧው አየር መትፋቱን ትቶ ውሃ እስኪያወርድ ድረስ ብሬከሩ አይነሳ። ባዶ ጋን ውስጥ አዲሱ ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላል።

ልብስ ማጠቢያው ቀላል ነው። በ40 ዲግሪ እጠቢ፣ ሳሙናውንም ካርቶኑ ላይ ለጠንካራ ውሃ በተጻፈው ልክ አድርጊ፤ ብታሳንሺ ነጭ ልብስ ይገረጣል፣ ፎጣ ይደርቃል። በየሦስት ወሩ ባዶውን፣ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ከበሮው ውስጥ ጨምረሽ በ60 ዲግሪ አዙሪው። ውሃ ቀስ ብሎ ከገባ ማሽኑን ሳትወቅሺ የጎማው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢያት።

ኖራውን ከምንጩ የሚያስቀረው በጨው የሚታደስ ማለስለሻ ነው፤ ካልሲየሙን ይዞ ሶዲየም ይለቃል። ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት የሚያቀርብልሽ ካለ ገንዘብሽን ያዢ። ማለስለሻው የሚያዋጣው ብዙ ሙቅ ውሃ ለሚፈጅ ቤት ወይም ለፔንሲዮን ነው፤ ለአንድ ቦይለርና ማጠቢያ እኔ አልመክረውም። ካስገባሽ ግን የኩሽናው ቧንቧ ሳይለሰልስ ይቅር፣ በተለይ ቤት ውስጥ ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ፦ ከላይ ያሰላነው 323 ሲለሰልስ በሊትር ወደ 150 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨምራል። አፈር የተቀላቀለበት ያልታጠበ ጨው ደግሞ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

የኩላሊት ጠጠር ያመጣል የሚባለውን በዚህ ውሃ ላይ አታሳብቢ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ሽምብራና ባቄላ አልበስል ማለቱ ግን እውነት ነው፣ ካልሲየሙ ቆዳቸውን ያጠነክረዋል። ለንፍሮም ለእንፋሎት ካውያም ውሃውን አስር ደቂቃ አፍልተሽ አስተኚውና ከላይ ከላዩን ቅጂ፤ ሁሉንም ባይሆን አብዛኛውን ኖራ ከታች ትቶታል።