ከሰል በፌስታል፣ የሻገተ ለውዝና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ ስለ አንድ ነገር ነው የጠየቃችሁት። ልጆቻችንን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች እንዴት እናርቃቸው? ሁሉንም ማስቀረት አይቻልም። ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚደጋገመውን መቀነስ ግን ይቻላል፣ እኔም የምመልሰው ከዚያ አንፃር ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ጥያቄ፦ አማቴ ከሰል የሚያቀጣጥሉት በፌስታል ነው። ሕፃኑ አጠገባቸው ነው የሚውለው። አካበድኩ እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አላካበድሽም። እኔም ያደግኩት የተቀደደ ኮንጎ ጫማ ተቆርጦ ከሰል ሲያያዝ እያየሁ ነው፣ ስለዚህ እሳቸው ላይ አልፈርድም። ፕላስቲክ፣ በተለይ ፒቪሲ የሚባለው፣ እንዲህ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ከዳይኦክሲኖች ዋነኛውን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1997 ካንሰር ማምጣቱ ከተረጋገጠው ምድብ አስገብቶታል። ሕፃን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ለክብደቱ ሲሰላ ከእኛ የበለጠ ጭስ ይስባል። ሳይንሱን ለእማማ አታስረጂ፣ ይቀየማሉ። «ጭሱ ልጁን አስለቀሰብን» ብለሽ ጭራሮ አቅርቢላቸው፣ ከሰሉ ደጅ ይያያዝ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ይግባ። ፍሙም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለውና መስኮት ይከፈት። እጣኑስ ካልሽኝ፣ ሽታው ደስ ስላለን ሳንባ አይምረውም፤ ቡና ሲፈላ ሕፃኑ ሌላ ክፍል ይሁን።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ለውዝ ትንሽ ሻግቷል። አጥቤ ብቆላውና የለውዝ ቅቤ ባደርገው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ጣይው። እንዲህ ባለ ለውዝ ላይ የሚበቅለው አንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። ስትቆዪው ሻጋታው ይሞታል፣ መርዙ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የታወቀው እንዴት መሰለሽ፣ በ1960 እንግሊዝ አገር ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የቱርክ ዶሮዎች በተመረዘ የለውዝ ፋጉሎ ምክንያት አለቁ። ሰው ላይ የጉበት ካንሰር ያመጣል፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ በጣም ይብሳል፤ ለዚህ ነው የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ ክትባት እንዳያልፋችሁ የምጨቀጭቃችሁ፣ የሄፓታይተስ ቢ መከላከያው እዚያ ውስጥ አለ። ላም የሻገተ ፋጉሎ ከበላች መርዙ መልኩን ቀይሮ ወተቷ ውስጥ ይገባል፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ በሚሸጥ ወተት ውስጥም ተገኝቷል። ማፍላት አያጠፋውም። ወተት አቁሙ ማለቴ አይደለም! ላም ያላችሁ ግን መኖውን አድርቃችሁ አስቀምጡ። የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተቀየረ፣ የሚመር ለውዝም ተለቅሞ ይውጣ፣ «ለዶሮዎቹ ይሆናል» ሳትሉ። በርበሬም በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ አይግባ።

ጥያቄ፦ የሕፃን ፓውደር ልተው?

መልስ፦ ተዪው፣ ምንም አይቀርብሽም። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ራሱ ታልክ የሚባል የተፈጨ ማዕድን ያለበትን የሕፃናት ፓውደር በ2023 በመላው ዓለም መሸጥ አቁሞ በበቆሎ ስታርች ተክቶታል። በ2024 ደግሞ ያው የካንሰር ተቋም ታልክን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚለው ምድብ አስገባው። ስታርቹም ቢሆን ብናኝ ነው፣ ሕፃን መተንፈስ የለበትም። ታጥቦ በደንብ የደረቀ ቂጥ ፓውደር አያምረውም።

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ለሠርግ ፀጉሯን ኬራቲን ላሠራላት?

መልስ፦ አይሆንም። ብዙዎቹ የኬራቲን ማለስለሻዎች በካስክና በፒያስትራ ሲሞቁ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፣ አንዳንዶቹ «የለበትም» ተብሎ ተጽፎባቸውም። ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ እሱ ነው፣ ካንሰር አምጪነቱም የተረጋገጠ ነው። ሹሩባ አሠሪያት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሚያጨሰው መኪና ውስጥ መስኮት ከፍቶ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። መስኮቱ ጭሱን ጠራርጎ አያወጣውም፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ይስቡታል። መኪናውን አቁሞ ይውረድና ያጭስ።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ነው የምንኖረው። ልጆቹ የሚተኙት ቤዝመንት (ምድር ቤት) ነው፣ ጎረቤታችን ሬደን አስለኩ አለን። ምንድን ነው?

መልስ፦ ጎረቤታችሁን አመስግኑልኝ። ሬደን ከመሬት የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣው እሱ ነው፣ እናንተ ያላችሁበት ኮሎራዶ ግዛት ደግሞ ይበዛል። መለኪያው ውድ አይደለም። ውጤቱ 4 ፒኮኪዩሪ (የሬደን መለኪያ አሃድ) በሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከወለሉ ስር ጋዙን ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቱቦና ማራገቢያ ይገጠማል። ኪራይ ከሆነ ውጤቱን ለአከራያችሁ በጽሑፍ ላኩለት፣ እስከዚያ ልጆቹን ላይ ቤት አስተኟቸው።