መልስ፦ ቻይናዎች ለሟች ብር የሚያቃጥሉት ለምንድነው?
እህቴ "ድሃውም ብር ያቃጥላል እንዴ" ላልሽው፣ እውነተኛ ብር አይደለም ባክሽ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚታተም ወረቀት ነው። በባህላዊው እምነት ሟቹ እዛም ሄዶ ወጪ አለበት፣ ስለዚህ ልጆቹ በእሳት ይልኩለታል፣ አሁንማ የወረቀት ቤት፣ መኪና፣ አይፎን ሁሉ አለ (ቻርጀሩን እንዳይረሱ ብቻ ሃሃ)። በተለይ ቺንግሚንግ በሚሉት መቃብር የሚጠረግበት ቀን፣ ኤፕሪል 4 ወይ 5 አካባቢ፣ በብዛት ይቃጠላል፣ ቀኑም በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ ሥራ ዝግ ነው።

ስለ ሞት ያላቸው ነገር ግን ግራ ያጋባል። ሞትን በስሙ መጥራት አይወዱም፣ ግን ገጠር ውስጥ ሽማግሌዎቹ በቁማቸው የሬሳ ሳጥናቸውን አሠርተው ቤት ያስቀምጡ ነበር ማንም አይደነግጥም። ዕድሜ ጠግቦ የልጅ ልጅ አይቶ የሞተ ሰው ቀብርማ "የደስታ ቀብር" ነው የሚባለው፣ ሙዚቃ ድግስ ምናምን።

የሐዘን ልብሱ በባህሉ ነጭ ነው፣ ከተማ ላይ ግን ክንድ ላይ ጥቁር ጨርቅ የሚያስሩም አሉ። ሟቹ በየ7 ቀኑ እየታሰበ እስከ 49ኛው ቀን ይሄዳል። ድሮ ለወላጅ ሐዘኑ 3 ዓመት ነበር፣ እንደውም አንዱ ተማሪ 1 ዓመት አይበቃም ወይ ብሎ የጥንቱን ቻይናዊ ፈላስፋ ኮንፊሽየስን ሲሞግተው፣ ኮንፊሽየስ ልጅ ከወላጆቹ እቅፍ የሚወርደው በ3 ዓመቱ አይደል እንዴ አለ፣ እኔ በበኩሌ ተማሪው እውነት አለው ባይ ነኝ።