ከሲዲና ከሸክላ የተገለበጠ ዘፈን፦ ኳኳታው ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ የቆዩ ሲዲዎቼን ወደ ላፕቶፕ ገልብጬ ነበር። አንዳንዱ ዘፈን መሃል ላይ «ጧ» ይላል፣ ከበስተኋላም «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላጸዳው ስሞክር ደግሞ የማሲንቆው ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ሆነብኝ። ምን ይሻላል? (አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ሁለቱ ድምፆች ምንጫቸው ለየቅል ነው። «ጧ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ሲዲው በትክክል ሳይነበብ ሲቀር የሚመጣ ነው። ሲዲ ላይ የማረሚያ ኮድ አብሮ ተጽፏል፤ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጉዳትን በዚያ ማረም ይቻላል። ጉዳቱ ከዚያ ካለፈ መሣሪያው የጎደለውን በግምት ይሞላል፤ ግምቱ ሳይሳካ ሲቀር ይንኳኳል። ስለዚህ ፋይሉን ከመነካካትዎ በፊት ሲዲውን እንደገና ይገልብጡት።

መጀመሪያ ይጠረግ። ግንባታ የማያባራበት ሰፈር ደቃቅ አቧራ አለ፤ በደረቅ ጨርቅ ከፈተጉት ይጭራል። በንጹህ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ይጥረጉ እንጂ አያዙሩ፤ በዙሪያው የሚሄድ ጭረት አንዱን ቦታ አከታትሎ ስለሚያጠፋ ለማረም ያስቸግራል። ከዚያ ሲዲውን ወደ አምፖል አንስተው ይዩት። በጽሑፉ በኩል ተልጦ ብርሃን በቀዳዳ ካሳለፈ፣ እዚያ ቦታ የነበረው ሙዚቃ ጠፍቷል፤ የሚመልሰው የለም።

ለመገልበጥ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በ«ሴክዩር» አሠራር ይጠቀሙና «ቴስት ኤንድ ኮፒ» የሚለውን ይምረጡ። ዘፈኑን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለት የማረጋገጫ ቁጥሮች ይሰጣል። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ንባቡ አልተሳካም፤ ፍጥነቱን ቀንሰው ወይም በሌላ ሲዲ ድራይቭ ይሞክሩ። ቁጥሮቹ አንድ ሆነው «ጧ» ካልጠፋ፣ ድምፁ ሲዲው ሲዘጋጅ ጀምሮ የነበረ ነው ማለት ይቻላል። ከካሴት ወይም ከሸክላ በተገለበጡ የድሮ ዘፈኖች ይህ ያጋጥማል። «ሽሽሽ» የሚለውም ብዙ ጊዜ የካሴቱ ነው።

እሱን ለመቀነስ በኦዳሲቲ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ሽሽታው ብቻ የሚሰማበትን ግማሽ ሰከንድ ያህል ይምረጡ። ፍጹም ጸጥታ ያለበት ቦታ አይሆንም። «ኖይዝ ሪዳክሽን» ውስጥ «ጌት ኖይዝ ፕሮፋይል» ይጫኑ፤ ከዚያ ሙሉውን ዘፈን መርጠው ቅነሳውን 6 ዴሲቤል ያድርጉት። የእርስዎ ማሲንቆ የተበላሸው ቅነሳው ስለበዛ ሳይሆን አይቀርም። የፈረስ ጭራው ሲፋተግ የሚያወጣው ሻካራ ድምፅ ከሽሽታው ጋር አንድ ሰፈር ስለሚውል ፕሮግራሙ አይለያቸውም፤ የዋሽንት ትንፋሽም እንዲሁ። «ሬዚድዩ» የሚለውን መርጠው ያዳምጡ፤ የሚወገደው ብቻ ይሰማል። እዚያ ውስጥ ዘፋኙ ወይም ማሲንቆው ከተሰማዎት ቁጥሩን ዝቅ ያድርጉ። ትንሽ ሽሽታ ቢቀር ከተገፈፈ ማሲንቆ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ስቀዳ «እምምም» የሚል ድምፅ አብሮ ይገባል፤ ጭርጭርታውም ብዙ ነው። (አንባቢ፣ ከሰንዳፋ)

መልስ፦ እምምታው የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉና በባትሪ ይቅዱ። ከጠፋ መንስኤው ቻርጀሩ ነበር። ካልጠፋ ከሸክላ ማጫወቻው ለብቻዋ የምትወጣውን ቀጭን ሽቦ በአምፕሊፋየሩ የግራውንድ ቡሎን ላይ ይሰሯት። ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት ጋር ፈጽሞ አያገናኟት።

ሸክላ የሚጠረገው ከሲዲ በተቃራኒ ነው፤ ብሩሹ የመስመሩን ዙሪያ ይከተል። ሲቀዱ ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ። ለቀረው ጭርጭርታ የኦዳሲቲን «ክሊክ ሪሙቫል» በሙሉው ዘፈን ላይ አይልቀቁት፤ ክራር ሲመታ የሚነሳው ስለታም ድምፅ ጭርጭርታ ይመስለዋል። ጎልተው የሚሰሙትን በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የድምፁን ማዕበል አጉልተው አንድ በአንድ በ«ሪፔር» ይጠግኑ፤ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው እስከ 128 ናሙና (ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚመዘግብባቸው ቅንጣቶች)፣ ማለትም 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ያልተነካውን ቅጂ ፍላክ በሚባለው፣ ከድምፁ ምንም በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት ለብቻው ያስቀምጡ፤ ኤምፒ3 የሚሠራው ጽዳቱ ካለቀ በኋላ ነው።