ጫማዬ ወልቆ አላወቅሁም

የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ማታ ማታ የእግሬን ጣቶች ጉንዳን የወረራቸው ይመስለኛል። ትናንትማ ነጠላ ጫማዬ ወልቆ ሳይታወቀኝ በባዶ እግሬ ስሄድ ነበር። መድኃኒቱን ላቁመው?

በራስዎ እንዳያቆሙት። የተቋረጠ ሕክምና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞ ይመጣል። ግን ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የምጠረጥረው ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱን፣ አይሶኒያዚድን ነው፤ ነርቭ የሚፈልገውን ቫይታሚን ቢ6 ያሟጥጣል። ለመከላከያ በቀን ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ቢ6 አብሮ የሚታዘዘው ለዚህ ነው፤ መደንዘዙ ከጀመረ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። ስኳር ወይም ኤችአይቪ ካለብዎ፣ መጠጥም የሚያዘወትሩ ከሆነ አይደብቁት፤ ለዚህ ጉዳት ይበልጥ ያጋልጣሉ። የጫማዋንም ነገር እንዳይረሷት። ቀድመው የሚጎዱት ረጅሞቹ ነርቮች ስለሆኑ ሕመሙ ከእግር ጣት ይነሳል፤ «ይደነዝዘኛል» ከሚለው ቃል ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ የምትነግረው እሷ ናት።

እንግዲያው ቢ6 ገዝቼ አብዝቼ ብወስድስ?

ይተዉት። ቢ6 ራሱ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ያንኑ መደንዘዝ ያመጣል። ተማሪ ሳለሁ ይህን ስሰማ መምህሩ የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር።

ለስኳር ሜትፎርሚን ስወስድ ዓመታት ሆኑኝ። እግሬን ያቃጥለኛል፤ ሁሉም «ስኳሩ ነው» ይሉኛል።

ሊሆን ይችላል፤ ስኳር ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ነገር ግን ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል፣ የሱ እጥረትም ተመሳሳይ ስሜት አለው። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ይጠይቁ።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን እጄንና እግሬን መርፌ ይወጋኝ ጀመር። እንደ ቲቢው ልታገሠው?

አይታገሡ። የሚቀጥለውን ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያግኙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ማስጠንቀቂያውን ያጠበቀው፣ ይህ ጉዳት አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰት ቢሆንም በቀናት ውስጥ ሊጀምርና ሳይድን ሊቀር ስለሚችል ነው። ብዙውን ጊዜ ሌላ አንቲባዮቲክ ይገኝለታል፤ ቲቢን ግን እንዲህ በቀላሉ መድኃኒት አይቀይሩለትም።

ኬሞቴራፒዬን ከጨረስኩ ወር አልፎኛል፤ የጣቶቼ መደንዘዝ ግን ባሰበት። ካንሰሩ ተመለሰ?

የድንዛዜው መባስ ብቻውን ካንሰሩ ተመለሰ አያሰኝም፤ ለሐኪምዎ ግን ያሳዩት። እንደ ሲስፕላቲን ያሉትን የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ካቆሙ በኋላም ድንዛዜው ለጥቂት ወራት ሊጨምር ይችላል። የተጎዳ ነርቭ መልሶ ቢያድግም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው የገላ መታጠቢያውን ውኃ በጣትዎ ሳይሆን በክርንዎ ይሞክሩት።