መልስ፦ የሠራሁት ኮኔክተር 401 ይለኛል

ሰላም ወንድሜ። በፓወር አውቶሜት (ሥራዎችን በራሱ የሚያስኬድ የማይክሮሶፍት መሣሪያ) የራስህን ኮኔክተር፣ ማለትም ከሌላ ሰርቨር ጋር የሚያገናኝ ድልድይ፣ ሠርተህ ስትሞክረው 401 የሚል ስህተት ይሰጥሃል። ቁልፍ በማይጠይቀው ጥሪ ደግሞ ምላሹ ቢመጣም በውስጡ ያሉት የመረጃ መስኮች በቀጣዩ ደረጃ ላይ አይታዩም ብለሃል።

401 ማለት ሰርቨሩ ጋ ደርሰሃል፣ ግን ማንነትህን አልተቀበለም ማለት ነው። ስለዚህ አድራሻውን አትነካካው። በኮኔክተሩ ማስተካከያ ውስጥ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ገጽ ክፈት። ኤፒአይ ኪ (በሚስጥር ቁልፍ መግቢያ) መርጠህ የሄደሩን፣ ማለትም ከጥያቄው ጋር የሚላከውን መግለጫ፣ ስም ኦቶራይዜሽን (Authorization) ካልከው፣ ያስገባኸውን ቁልፍ እንዳለ ነው የሚልከው። ብዙ ሰርቨሮች ግን ከቶከኑ (ከሚስጥር ቁልፉ) በፊት ቤረር (Bearer) የሚለውን ቃል ይጠብቃሉ። ኮኔክሽኑን (ቁልፍህን የሚይዘውን ግንኙነት) ስትፈጥር መጀመሪያ ቤረር፣ ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ቶከኑን ጻፍ። እኔም በዚችው ቃል ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ፤ አንተ እንዳትደክም ነው የምነግርህ።

ደግሞ ሴኪዩሪቲውን ካስተካከልክ በኋላ በድሮው ኮኔክሽን አትሞክር። አሮጌውን ቁልፍ ይዞ ይቀጥላል። አዲስ ፍጠር።

መስኮቹ የጠፉት ዴፊኒሽን ገጽ ላይ ምላሹን ባዶ ስለተውከው ይመስለኛል። ሰርቨሩ የመለሰልህን እውነተኛ ጄሰን (ምላሹ የተጻፈበትን የመረጃ ጽሑፍ) ቅዳና ኢምፖርት ፍሮም ሳምፕል በሚለው ውስጥ ለጥፈው። ናሙናው ውስጥ ባዶ ዝርዝር ካለ ግን አይሆንም፤ በውስጡ ምን መስክ እንዳለ ከየት ያውቃል?

ኮኔክተሩን ከፋይል የምታስገባ ከሆነ ፋይሉ ኦፕንኤፒአይ (የሰርቨሩን ጥሪዎች መግለጫ የሚጻፍበት ደንብ) 2.0 ይሁን፣ ከ1 ሜጋባይትም አይብለጥ።

አሁንም እምቢ ካለህ ቴስት ገጽ ላይ የሚታየውን የጥያቄ ሄደር ላክልን። ቶከኑን ግን ደብቀው፣ አደራ!