ቶሮንቶ ከተሸነፈ ወዲህ እንቅልፍ ላጣኸው

ዛሬ ማታ የጎሎቹን ቪዲዮ አትክፈት። ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠው። ከዚያ በፊት ግን ጨዋታውን አብሮህ ላየ አንድ ሰው ደውል። የቶሮንቶው የበረዶ ሆኪ ቡድን ሜፕል ሊፍስ በፍሎሪዳ ቡድን 6 ለ 1 ከተሸነፈ ሦስት ቀን እንደሆነህ፣ ክሊፑን እየደጋገምክ እንደምታይ ጽፈሃል። እንቅልፍ የነሳህ እሱ መደጋገሙ ነው።

ማዘንህ ሞኝነት አይደለም። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ዙር የመጀመሪያዎቹን 2 ጨዋታዎች አሸንፎ፣ በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ በገዛ ሜዳ እንዲህ መሸነፍ ያንገበግባል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ ዋንጫ ላላነሳ ቡድን ደግሞ እጥፍ ነው። «ጨዋታ እኮ ነው» የሚልህን አትከራከረው፤ ዝም ብለህ እለፈው።

የሚከብደው ጨዋታ የምታይበት ሰዓት ባዶ ሲሆን ነው። ለዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ፈልግለት። እኔን የረዳኝ በእግር መውጣት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ የምኖር፣ የከተማዋ የሆኪ ቡድን የካፒታልስ ደጋፊ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሰባተኛው ጨዋታ በፒትስበርግ 2 ለ 0 ስንሸነፍ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ መኝታ ቤት ገባሁ፤ በሩንም ዘጋሁ። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጉልበቱ ድረስ የሚደርሰውን የእኔን ማሊያ ለብሶ ሶፋው ላይ ብቻውን ቀረ። በማግስቱ «አባዬ፣ ያስቆጣሁህ እኔ ነኝ?» አለኝ።

በዓመቱ ፒትስበርግን ጥለን ዋንጫውን ስናነሳ አብረን ጮኸናል። ያቺ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። ቤትህ ውስጥ አብሮህ ያየ ልጅ ካለ፣ ዛሬውኑ ሄደህ አጠገቡ ተቀመጥ።