«ጠዋት አልችልም ትላለች፤ ከሰዓት ትስቃለች»

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ አለባት ከተባለች 3 ዓመት ሆናት። መድኃኒቷን ትወስዳለች። ጠዋት ስኒ ማንሳት እንኳ ያቅታታል። ከሰዓት ግን ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጣች ስትስቅ አገኛታለሁ። ቅዳሜ ልብስ ስታጥብ ትውልና እሁድ ዘመድ እንጠይቅ ስላት አልችልም ትላለች። ችግሩ አእምሮዋ ላይ ይመስለኛል። የሥነ ልቦና ሕክምና ያስተካክላታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የምትሠራውንና የማትሠራውን ልቅም አድርገው ጽፈዋል። ሕመሙ ምን እንደሚመስል ጠይቀዋት ምን እንዳለችዎ ግን የትም አላገኘሁም።

የጻፉልኝ ሁሉ የበሽታው ጠባይ ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ያጠቃል። ጠዋት ጣቶች አልታዘዝ ይላሉ፤ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይላላል። ጠዋት መቸገሯም፣ ከሰዓት መሳቋም እውነት ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ቅዳሜ ነው። የታመመ ሰው ለምን ሙሉ ቀን ልብስ ሲያጥብ ይውላል? እሷን ስላላነጋገርኳት እርግጠኛ መሆን አልችልም። ግን እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ቀለል ሲላቸው የሳምንቱን ሥራ ባንድ ቀን ሊጨርሱ ይሞክራሉ። በማግስቱ ይወድቃሉ። ቤት ውስጥ የሚጠራጠራቸው ሰው ካለ ደግሞ ይብስባቸዋል። ብትሠራ «ለካ ትችያለሽ»፣ ብትተኛ «ታስመስላለሽ»። ቀለል ያላት ሰዓት ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብባታል። እንዲህ ከሆነ ደህና መሆንም ያስፈራል። ጎረቤት ጋ የምትስቀው እዚያ የሚቆጣጠራት ስለሌለ ይሆናል።

ደግሞ ያ ሳቅ የናፈቀዎት ይመስለኛል። ቅሬታዎ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ግን ናፈቅሽኝ ብለዋት ያውቃሉ?

የሥነ ልቦና ሕክምና ሊጠቅማት ይችላል፤ እርስዎ ባሰቡት ምክንያት ግን አይደለም። መገጣጠሚያ አያድንም፣ መድኃኒትም አይተካም። አቅምን መጥኖ መዋልን፣ ሕመምን መቋቋምን ያግዛል። በዚህ በሽታ ብዙዎችን የሚይዘውን ድብርትም ያቀላል።

እስከዚያው የቅዳሜውን እጥበት ቢከፋፈሉት፣ የሚበዛውንም እርስዎ ቢይዙት ጥሩ ነው። 3 ዓመት ታክማ ጠዋቷ አሁንም እንዲህ ከከበደ ሐኪሟ ይወቅ፤ መድኃኒቱ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድም፣ ፈቃደኛ ከሆነች፣ አብረው ይሂዱ። «እሷን አስተካክሉልኝ» ብለው ግን አይጀምሩ። መጀመሪያ እሷ ትናገር።